ስም ብቻ የሚጎድለው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅቡቲ፣ ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከማሽኑ የሚወጣው ትኩስ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና እዚያው በቆምኩበት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። በእጄ የያዝኩት ገጽ እንኳ የማትሞላ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነበር። የተጻፈችው ስለ እኔ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ ስለ እኔ ደብዳቤ ሲጻፍ ይህች የመጀመሪያዋ ናት። ምን እንደምትል ቆይቼ አነብላችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የጻፈቻት ሴት ማን እንደሆነች፣ እኔም በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ጉረኛ እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ የገባሁት በአሮጌው ባቡር፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር እየተጋፋሁ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያው አደባባዩ ዳር ሽርጥና ሻሽ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ እኔ ከደጃፉ፣ ከነጩ ቅስት ጥላ ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛና አንዲት የጽሕፈት መኪና ይዤ ተቀመጥኩ። መኪናዋ አንድ ፊደሏ ስለተሰበረ በእስክሪብቶ እየሞላሁላት ነበር የምትሠራው። ሻሂ በወተት ሃምሳ ፍራንክ ነበር። ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ የሚሸጡት ሴቶች ጠዋት በማዕዘኑ ይደረደሩና ፀሐይ ሳትበረታ ሸጠው ይሄዱ ነበር። ከፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት የሱዳንና የሶማሌ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይለቃል፤ ከሰዓት ላይ ሙቀቱ ካሴቱን ስለሚያለሰልሰው የዘፋኟ ድምፅ እየወፈረ ሄዶ ወንድ ይሆን ነበር። ከወሎና ከሐረርጌ የሚመጡት ልጆች በወፍራም ጉርድ ቀሚስና በሹራብ ይገባሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ድሪያ የሚባለውን ስስ የሶማሌ ቀሚስ ለብሰው ታገኟቸዋላችሁ። ከተማዋ በልብስ ማንንም አታስታምምም። ዛሬ ካሴት ቤቱ የስልክ ካርድ መሸጫ ሆኗል፣ ቅስቱ ግን አሁንም ነጭ ነው፣ እኔም ሳልፍ አሁንም ጥላውን እየተከተልኩ ነው የምሄደው።

ያኔ ከተማው ውስጥ ፈረንሳይኛ ብቻ የነበረበት ጊዜ እያለፈ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች እየበዙ መጡ። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ ትልልቅ ቪላ ይከራያሉ፤ ሠራተኛ፣ ሞግዚት፣ ምግብ አብሳይ ይፈልጋሉ፤ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ይላሉ። በአደባባዩ ዙሪያ እንግሊዝኛ የሚጽፍ አበሻ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን ለአንዲት የደሴ ልጅ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩላት። «አይ አም ኤ ጉድ ገርል። አይ አም ቬሪ ናይስ። አይ ዱ ኤቭሪቲንግ ቬሪ ጉድ።» ከሞላ ጎደል ይኸው ነበር፤ እስከ ታች ድረስ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ እጅግ በጣም ጥሩ። ልጅቷ በሳምንቷ ሥራ ያዘች። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! በማግስቱ ሦስት ልጆች መጡና «ያቺን ዕድለኛዋን ደብዳቤ» አሉኝ። ትንሽ ልለውጥ ስል «አንዲት ቃል እንዳትነካብን» ብለው ተቆጡ። ደብዳቤዋ ክታብ ሆነች። እኔም በሰው እምነት አልገባም ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስንፍናም ተጨምሮበት፣ ጠዋት ጠዋት ካርቦን ወረቀት እየደራረብኩ በርከት አድርጌ አስቀድሜ እጽፋት ጀመር። የሚጎድላት ስም ብቻ ነበር። ባለጉዳይ ሲመጣ ስሙን በባዶው ቦታ እሞላና ሁለት መቶ ፍራንኬን እቀበላለሁ። ሠርቶ አዳሪ ነኝ እያልኩም እኮራ ነበር።

ዘይነባ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። ከከሚሴ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ጠይም፣ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ ልጅ ነበረች። ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር ዓይናቸው የጠፋ አንዲት የሶማሌ አሮጊት ቤት ሦስት ዓመት ሠርታለች። በሰፈሩ ወግ አየዮ ትላቸው ነበር፤ አያቴ እንደማለት ነው። አየዮ ሲሞቱ ቤቱ ተበተነ፣ እሷም አብረው ከሚያድሩ አምስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ገባች። አምስቱ ለደላላ ከፍለው ጨርሰዋል። ቅዳሜ ወደ ኦቦክ ይሄዳሉ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ይሻገራሉ። ዘይነባ ስሟን ልታስሞላ ስትመጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሽ ዩሱፍ፣ ሀራሙስ አንድ ሥራ አለ ብለውኛል። ከተገኘ እቀራለሁ። ካልተገኘ ቅዳሜ ከነሱ ጋር ነኝ።» ከሄዱት መሃል ደውለው ደረስን ያሉ ነበሩ። ያልደወሉም ነበሩ። ያልደወሉትን ስማቸውን እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ በካርቦኑ ወረቀት ላይ የሞላሁት እኔ ነኝና። ስሟን ሞልቼ ሰጠኋት፣ በደንብ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ታደሰ መጣ። ታደሰ ሀራሙስ የአንዲት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ማዳም ቪላ በር ላይ ዘበኛ ነው፤ የሰው ወሬ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያመጣ ሰው ነበር። ወንበር ስስብለት አልተቀመጠም።

«ዩሱፍ፣ ዛሬስ አዋረድከን» አለኝ።

«ምን አደረግሁ ደግሞ?»

«ማዳም ሰባት ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ሰባቱም ያንተ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተናደደች። ይሄ ሁሉ አንዲት ሴት ናት ወይስ ሰባት? ነው የምትለው። ስሙ ላይ ያለው ቀለም ከሌላው እንደሚለይ ሳይቀር አሳየችኝ። ሰባቱንም ቅርጫት ውስጥ ጨመረቻቸው።»

«ሥራው ምንድን ነው ለመሆኑ?»

«እናቷን መያዝ። አሮጊት ናት፣ ዓይኗ እየጠፋ ነው። ሳህን ትገፋለች፣ ሰው ሲነካት ትጮኻለች፣ ሁለት ሠራተኛ አባራለች። እስከ ነገ ሐሙስ ሰው ካላገኘች ከሌላ አገር ታስመጣለች። ሌላ ደብዳቤ ካለህ ቶሎ በል። ያቺን ግን እንዳትልክብኝ፣ እኔም ሥራዬን እፈልገዋለሁ።»

አቦ፣ ምን ልበላችሁ! ዓይኗ የጠፋ ሰው ሦስት ዓመት የያዘች ልጅ እዚሁ አለች፤ እሷን ለማዳሟ የሚነግር አንድ ወረቀት ደግሞ እኔው አበላሽቼዋለሁ። በዚያች ደብዳቤ ዘይነባን ከሌሎቹ ለይቶ የሚያሳይ አንዲት ቃል አልነበረችም። አፈርኩ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን ብዙም ትዝ አይለኝም።

የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም ከተቀመጠ በኋላ፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ አደባባዩ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ዘይነባን አስጠራኋት። ቅስቱ ሥር ተቀመጠችና የነገርኳትን ሰማች፤ ቦርሳዋን ግን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገች።

«ለሁሉ ዕድል የሰጠች ደብዳቤ ለእኔ ሲደርስ ትቀየራለች?» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ወላሂ አልሰጥም።»

«እሺ፣ አትስጪኝ፣ ያንቺው ናት። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አየዮን እንዴት ነበር የምትይዣቸው?»

«ጥሩ አድርጌ ነዋ።»

«ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጥሩ ነዋ! እንክብካቤ። ሰው የሚያደርገውን።»

«ጠዋት ክፍላቸው ስትገቢ እጅሽ መጀመሪያ ምን ይነካል?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ በእኔ አላዋቂነት ተናደደች። «ምንም አይነካም! ጋሽ ዩሱፍ፣ የማያይ ሰው ድንገት ይነካል እንዴ? ደጁ ላይ ቆሜ ስሜን እናገራለሁ። ዘይነባ ነኝ፣ ነግቷል፣ ነፋስ አለ እላለሁ። እጃቸውን ራሳቸው እስኪዘረጉ እጠብቃለሁ። ከዚያ ነው የምጠጋው።»

አላቋረጥኳትም። አንዴ ከተከፈተች በኋላ ማን ያቆማታል! ምግብ ስታቀርብ ሳህኑ ላይ ምን የት እንዳለ በቃል ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ያልጎረሱት ስለጠገቡ ሳይሆን የት እንዳለ ስለማያውቁ እንደነበር በመጀመሪያው ሳምንት ነው የገባት። የስኒውን ጆሮ ወደ እጃቸው ታዞራለች። ሲራመዱ አትጎትታቸውም፣ ከኋላም አትገፋቸውም፤ ክርናቸውን ከሥር ይዛ እንዳይንገዳገዱ ታደርጋለች። አንድ ቀን ነጠላ ጫማቸው ቆዳቸው ላይ ምልክት ሲተው አየችና እግራቸው ማበጡን ከልጆቻቸው ቀድማ ተናገረች። ወንበር ከቦታው አታነሳም፤ ካነሳች መልሳ እዚያው ታስቀምጣለች። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ እጇ አየር ላይ ስኒ ያዞራል፣ ክርን ይደግፋል። ይህን ሁሉ ነበር እንግዲህ እኔ «ቬሪ ናይስ» ብዬ በሁለት መቶ ፍራንክ የሸጥኩት።

ወረቀት አስገባሁና ጀመርኩ፤ ጣቴ ለምዶበት ሳላስበው «ቬሪ» ብሎ መታ። ወረቀቱን አውጥቼ ቀደድኩት። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ድሬዳዋ ተማሪ ሳለሁ የያዝኩት ነው። ያን ዕለት እንደ አዲስ አነበብኩት። አሮጊቷን ትይዛለች ልል «ሆልድ» አልኩ፤ ጆንያም ይያዛል፣ አልሆነም። «ካሪ» መሸከም ነው፣ እሷ አልተሸከመቻቸውም። «ሊድ» መምራት ነው፣ ትመራለች ግን አትቀድማቸውም። ገጹን ሳገላብጥ «ስቴዲ» ላይ ደረስኩ፦ ሊወድቅ የሚንገዳገድን ነገር ደግፎ ማጽናት። ከወንበሬ ተነሳሁ! ዘይነባ ደንግጣ «ምን ነከሰዎት?» አለችኝ። እግራቸው «ባድ» ነበር ማለት ተውኩ፤ «ስዎለን» አልኩ፣ ማበጡን ማንም ሐኪም የሚያውቀውን ቃል። «ሲ» አየች ከማለት «ኖቲስ» አልኩ፤ ሁሉም ያያል፣ ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ታጋሽ የሚለውን ቃልም አገኘሁና ጥሩ መስሎኝ ጻፍኩት፤ ተመልሼ ሳነበው ታጋሽ ነኝ ማለት ለማንም ቀላል ሆኖ ታየኝ። ሰረዝኩትና በምትኩ «እጃቸውን እስኪዘረጉ እጠብቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከጫት የሚመለስ ሰው ሲያየኝ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ብቻዬን እስቅ ነበር። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ እንግሊዝኛ ያወቅሁት ያን ቀን ከሰዓት ነው።

ጨርሼ በአማርኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ሩዙ በቀኝ፣ ዓሣው በግራ የሚለው ላይ ስደርስ «አይደለም!» አለች። «ዓሣው በቀኝ ነው። እሾኹን የምለቅምላቸው እኔ በቀኝ ስለምቀመጥ ነው።» ለዚያች አንዲት መስመር ገጹን በሙሉ እንደገና መታሁት፤ ደስ እያለኝ። ክታቧን ግን አልጣለችም። ሁለቱን ደብዳቤ በአንድ ቦርሳ ይዛ ሄደች፣ በነጋታው የትኛዋን እንደምታወጣ አላወቅሁም።

ሐሙስ ያ የበጋ ትኩስ ነፋስ ተነስቶ ከተማውን በአቧራ ሸፈናት። ወረቀት እየበረረብኝ፣ ባለጉዳይ እየተቆጣኝ፣ ዓይኔን ከሀራሙስ ከሚመጡት ሚኒባሶች አላነሳሁም። ታደሰ ሲወርድ ያየሁት ወደ አመሻሹ ነው። ከሩቅ ፊቱን ላነበው ሞከርኩ፣ ሻሽ ጠምጥሞበታል። ደርሶ ወንበሩን ራሱ ሳበና ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት።

«ዘይነባ በሩ ላይ ስትደርስ ሁለቱንም ደብዳቤ አወጣች» አለኝ። «የትኛዋን ልስጥ? አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ያንቺዋ የትኛዋ ናት? አልኳት። ዓሣው በቀኝ ያለባት አለች። እሷን ስጪ አልኳት።» ማዳም ደብዳቤዋን ቆማ አነበበች፣ ከዚያ ተቀምጣ አነበበች፣ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ወደ እናቷ ክፍል ገባችና ጮክ ብላ አነበበችላት። ከውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ። ዘይነባን ጠሯት። ዘይነባ ደጁ ላይ ቆመች፤ አልገባችም። እንግሊዝኛ የላትም፣ ያላት ስሟ ነው። «ዘይነባ» አለችና ጠበቀች። ቀሪውን ታደሰ በመስኮቱ አይቶ ነው የነገረኝ። አሮጊቷ ወደ ድምፁ ዞሩ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

ያን ማታ ለታደሰና ለአክስቴ ልጅ ከየመኖቹ ቤት በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከነትኩስ ቂጣው ጋበዝኩ፤ እንደ ሙሽራ አባት እየተንጎራደድኩ። ቅዳሜ አምስቱ ልጆች ወደ ኦቦክ ሲሄዱ ዘይነባ ሀራሙስ ውስጥ የስኒ ጆሮ ታዞር ነበር። ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ደወሉ። እሷ ስድስተኛ አልሆነችም።

እሑድ ጠዋት ያልተሞሉትን ደብዳቤዎች በሙሉ ቀደድኳቸው። ካርቶን ላይ በትልቁ «እዚህ ቬሪ አይሸጥም» ብዬ ጽፌ ከራሴ በላይ ሰቀልኩ። ልጆቹ መጀመሪያ አኮረፉኝ፣ ጋሽ ዩሱፍ አበደ ተባለ። ስንት ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፣ ፖሊስ ነው እንዴ? አሉ። ቆይተው ለመዱኝ። አንዷ አልቃሻ ሕፃን በምን እንደምታስተኛ፣ ሌላዋ የሐር ሸሚዝ ሳታቃጥል እንዴት እንደምትተኩስ እየነገረችኝ፣ እኔም መዝገበ ቃላቴን እየገለጥኩ፣ ለአንድ ደብዳቤ ግማሽ ቀን እንፈጅ ነበር። ሁሉም ሥራ አላገኘም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን ከደጃፌ የወጣ ደብዳቤ ሁሉ የባለቤቱ ነበር።

ዘይነባ ሀራሙስ ስምንት ዓመት ቆየች። አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጠው «ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው?» ይሏታል። መጀመሪያ የምታውቀው ያው «ቬሪ ናይስ» ብቻ ነበር። «አይሆንም፣ አሳዪኝ» ይሏታል። ስለዚህ ግራጫውን ከአመድማው፣ የተኛውን ከሚንቀጠቀጠው፣ መረብ የምትጥለውን ጀልባ ከምትመለሰው እየለየች መንገር ነበረባት፤ ቃል ሲጎድላት እሳቸው ያቀብሏታል። እንዲህ በየማለዳው ባሕር ስታይ እንግሊዝኛ ተማረች። ዓርብ ዓርብ ደጃፌ እየመጣች የእኔን እንግሊዝኛ ታርመኝ ጀመር! አሮጊቷ ሲያልፉ ማዳም ወደ አገሯ ተመለሰች። ዘይነባ ዛሬ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር ሦስት ክፍል ተከራይታ በሽተኛና አረጋዊ የሚይዙ ሴቶችን ታሠለጥናለች። ተማሪ ተቀብላ መጀመሪያ የምትጠይቃት አንድ ጥያቄ አለች፤ ጠዋት ስትገቢ እጅሽ መጀመሪያ ምን ይነካል?

እኔ ደግሞ የጽሕፈት መኪናዬ ዛገች፣ ዓይኔም ደከመ። በቅርቡ የእኛው ሰዎች ከሰዓት በኋላ ልጆች የሚያስተምሩበት ትንሽ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ፈለገ። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ጨዋ። «ጋሼ፣ የሚያውቅዎት ሰው አንድ ደብዳቤ ይጻፍልዎት» አለኝ። ሳቄ መጣ። ቀጥታ ራስ ዲካ ሄድኩ። ዘይነባ አስቀምጣ ሻሂ ሰጠችኝ፣ ጆሮውን ወደ እጄ አዙራ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳችና ልጅ ሲሳሳት ፊቴ ምን እንደሚሆን፣ ሳስተምር እቆም እንደሆነ እቀመጥ እንደሆነ፣ አንድ በአንድ መረመረችኝ። «ኧረ ተይኝ፣ ጥሩ ሰው ነው በይና ጨርሺው» አልኳት። «እዚህ እሱ አይሸጥም» አለችኝ።

ወደ አማርኛ ስተረጉማት ደብዳቤዋ እንዲህ ትላለች፦ «አቶ ዩሱፍ እጄ ለሚሠራው ሥራ ስም አያውቅለትም ነበር፤ እኔም አላውቅለትም ነበር። ጀልባው ሊነሳ ሦስት ቀን ሲቀረው እጄ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ፣ እስክመልስም ድረስ ጠበቀ። ስሳሳት አይስቅም። እሱ ራሱ ሲሳሳት ገጹን በሙሉ እንደገና ይጽፈዋል፤ ለአንድ ዓሣ ሲል ሲያደርገው አይቻለሁ። ዛሬ በሕይወት ኖሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ገጽ ምክንያት ነው።»

ፎቶ ኮፒ ቤት የገባሁት እንግዲህ ዋናውን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቼ ግልባጩን ለራሴ ላስቀር ነው። ተራዬ ደርሶ ለሠራተኛዋ አቀበልኳት።

«ጋሼ፣ ስንት ላውጣልዎት?»

«አንድ።»

«አሥር ቢያወጡ እኮ ይረክስልዎታል።»

«አንድ ይበቃል ልጄ» አልኳት። «ለሌላ ሰው አትሆንም።»